የፊታውራሪ ጀልባና የቱሉ ዋስ

ያለፈውን ሳምንት ያላነበበ ሰው ብዙ አላመለጠውም፤ ሁለት ሰዎች ተፋቅረው ለማንም አልተናገሩም፣ አንድ ጀልባም ተቃጠለ። ጀልባው የፊታውራሪ ሠረቀብርሃን ነው። አገር ለቆ ከሚሄድ ግሪክ ነጋዴ ገዝተው፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ ላይ እንግዳ ሊያንሸራሽሩበት፣ ሞተሩ እንዲታደስ የካ ለሚገኘው ለጋሽ ገብረማርያም ጋራዥ ሰጡት። ያደሰው የጋራዡ መካኒክ ቱሉ ፈዬራ ነው። የሞተሩን የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ገጽ በገጽ ወደ አማርኛ የመለሰችለት ደግሞ የፊታውራሪ ልጅ ሮማነወርቅ ናት፤ በዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ፋኩልቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ። አርባ ሁለት ገጽ። በየገጹ ጀርባ ቱሉ ጥያቄ ይጽፋል፣ እሷ ትመልሳለች። የሚጻጻፉት ስለ ፓምፕና ስለ ካንዴላ ብቻ ነበር፤ ፍቅር የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም። ሆኖም የሚቀጥለው ገጽ እስኪመጣ ድረስ ሁለቱም ሌላ ሥራ መሥራት አቅቷቸው ነበር።

እሑድ ዕለት ፊታውራሪ አንድ ትልቅ እንግዳ አሳፍረው ሐይቁ መሃል ሲደርሱ የጭስ ማውጫው ጎማ ተቃጠለ። እንግዳው ከነካባቸው ውሃ ውስጥ ገቡ። ማንም አልሞተም። ከዚያ የባሰ ነገር ሆነ፤ ሰው ሳቀ።

* * *

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ የጋራዡ ግቢ በሰው ተሞላ። ጀልባው ከቢሾፍቱ በተጎታች ተጭኖ መጥቶ መሃል ላይ ቆሟል፤ የኋላው እንጨት በጥላሸት ጠቁሯል፣ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። ፊታውራሪ የጠቆረውን ቦታ በከዘራቸው መታ መታ እያደረጉ ይናገራሉ፤ የሰፈሩ ፖሊስ ሃምሳ አለቃ ከበበ ደብተራቸውን ከፍተው ይጽፋሉ። ቱሉ ከፊታቸው ቆሟል።

«ሆን ብሎ ነው ያቃጠለው!» አሉ ፊታውራሪ። «እንግዳዬን ሊያሰምጥብኝ! እኔን ሊያዋርደኝ!»

«ጌታዬ፣ ጀልባው ከተመለሰ ወዲህ ሞተሩን አላየሁትም» አለ ቱሉ። «አንድ ሰዓት ይስጡኝና ልክፈተው።»

«ልትከፍተው? የተረፈውንም ልታቃጥለው?»

ሰው ሳቀ። ከሳቁት ግማሾቹ ቱሉ መኪናቸውን የጠገነላቸው ነበሩ።

ሮማነወርቅ ከስድስት ኪሎ መጥታ የግቢው በር ላይ የደረሰችው ያን ጊዜ ነው። አርባ ሁለቱም ገጾች ቦርሳዋ ውስጥ ናቸው። ትናንት ከጋራዡ ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ዘሀራ በጋዜጣ ጠቅልላ «ሁሉንም መልሺላት ብሎኛል» ብላ ሰጥታታለች። ሌላ መልእክት የለም፤ አንድ መስመር እንኳ። ሮማነወርቅ ይህን ለመተርጎም መዝገበ ቃላት አላስፈለጋትም። ነገር ሲከብድ ሰውየው ትቷታል። ወረቀቶቹን ፊቱ ላይ ወርውራ ልትመለስ ነበር የመጣችው።

«ዋስ ካለህ ጥራ» አሉ ሃምሳ አለቃ ከበበ። «ከሌለህ ወደ ጣቢያ ነው።»

ቱሉ ዙሪያውን አየ። ባለፈው ክረምት ኮተቤ ጭቃ ውስጥ ሦስት ቀን የቆመ የጭነት መኪናውን ያወጣለት ሾፌር ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ። ጋሽ ገብረማርያም፣ የጋራዡ ባለቤት፣ ቱሉን ከአሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ ሥራ ያስተማሩት ሰው፣ ንጹሕ እጃቸውን በጨርቅ ይጠርጋሉ። ፊታውራሪ ለከሰሱት ሰው ዋስ ሆኖ፣ ነገ ከፊታውራሪ ጋር በአንድ ሰፈር መኖር ቀላል ነገር አይደለም።

«እኔ አለሁ።»

የተናገሩት የቱሉ አባት አቶ ፈዬራ ናቸው። ከካራ በእግራቸው መጥተው አጥሩ ሥር ቆመው ነበር።

«አንተ?» አሉ ፊታውራሪ። «በማን መሬት ላይ ተቀምጠህ ነው ዋስ የምትሆነው? ሃምሳ አለቃ፣ ይሄ ጭሰኛ ነው። ምን አለው?»

አቶ ፈዬራ አፋቸውን ከፍተው መልሰው ዘጉት። ሮማነወርቅ ያንን አፍ አየች። ቁጣዋ ከቱሉ ላይ ተነስቶ ሌላ ቦታ ሲያርፍ ለራሷ ታወቃት። ትቶኝ ሊሆን ይችላል፣ አለች በልቧ፤ እኔን ስለተወ ግን አይታሰርም።

«ዋሱ እኔ ነኝ» አለች፣ በሰው መሃል እያለፈች።

ሃምሳ አለቃ ከበበ እርሳሳቸውን አነሱ። «እሜቴ፣ ይሄ የጨዋታ ነገር አይደለም።»

«አልተጫወትኩም። ይጻፉ።»

«ሴት ልጅ እንዴት አድርጋ…»

«ሕጉን አንብበውታል?»

«ጥቂት ጥቂት» አሉ ሃምሳ አለቃ፣ አንገታቸውን እያከኩ።

«እኔ ሁሉንም አንብቤዋለሁ። ሴት ዋስ አትሆንም የሚል አላገኘሁበትም። እርስዎ ካገኙ ያሳዩኝ፤ ካላገኙ ይጻፉ።»

«ዋስ ንብረት ያስፈልገዋል።»

«ካራ ያለው ግማሽ ጋሻ መሬት። ከእናቴ የወረስኩት ነው፣ ወረቀቱም በስሜ ነው። አባባ በማን መሬት ላይ ተቀምጠህ ነው ብለው ጠይቀዋል፤ አቶ ፈዬራ የተቀመጡት በእኔ መሬት ላይ ነው።»

ከሰዉ መሃል አንድ ሰው በፉጨት ትንፋሹን አወጣ። ፊታውራሪ ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ ዝቅ ሲል ነው የሚያስፈራው።

«ከሳሽ አባትሽ፣ ዋስ አንቺ?»

«አዎ አባባ።»

«ይሄ ልጅ ምንሽ ነው?»

ሰዉ ተጠጋ። ዘሀራ እንኳ ከሱቋ ወጥታ በሩ ላይ ቆማለች። ሮማነወርቅ ብዙ መልስ ነበራት፤ የትኛውም ለዚህ ሰው ሁሉ የሚነገር አልነበረም።

«ሞተሩን ያላቃጠለ ሰው ነው» አለች።

ሃምሳ አለቃ እስከ ዓርብ ጠዋት ብለው ጻፉ፤ ዓርብ ይዛው ካልቀረበች መሬቱ ይያዛል። እሷም ፈረመች። ቀና ስትል ቱሉን አየችው። ምስጋና ጠብቃ ነበር፤ አልደብቅም፣ በጣም ጠብቃ ነበር። ዓይኖቹ ግን በሰው ፊት በጥፊ የተመታ ሰው ዓይኖች ነበሩ። አንድም ቃል ሳይናገራት በአጠገቧ አልፎ ወጣ።

* * *

ሮማነወርቅ ከየካ ሚካኤል በላይ ባለው ዳገት ስትወጣ እንጨት የተሸከሙ ሦስት ሴቶች ከባሕር ዛፉ መሃል ወረዱ። ወገባቸው ከሸክሙ ብዛት መሬት ሊነካ ደርሷል፤ ምላሳቸው ግን አልደከመም።

«እሜቴ፣ በዚህ ጫማ እንጦጦ ሊወጣ ነው?»

«ሰው ፈልጌ ነው።»

«ረጅም? ፊቱን ያኮሳተረ?»

«እሱ ነው።»

«ከላይ ድንጋዩ ላይ ተቀምጧል። ሰላም ብንለው ዝም አለን። ባልሽ ነው?»

«ገና አልወሰንኩም።»

ሴቶቹ ሸክማቸው እስኪወዛወዝ ሳቁ። ታላቂቱ «ቶሎ ወስኚ፤ እንዲህ ያለ ኩርፊያ ለባል ካልሆነ ለምንም አይጠቅምም» አለችና መንገዷን ቀጠለች።

ቱሉ ስትመጣ አልተነሳም። ከሥር የካ ሙሉ ይታያል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት፣ የጋራዡ ቆርቆሮ፣ ከዚያ ወዲያ የካራ የበሰለ አዝመራ።

«በምን ዋስ እንደሆንሽኝ ታውቂያለሽ?» አለ፣ ሳያያት።

«በመሬቴ።»

«በአባቴ ጉልበት ነው። ያን መሬት የሚያርሰው አባቴ ነው። እኔ እዚያ ነው የተወለድኩት። እኔ ብጠፋ ሜዳ ላይ የሚወድቀው እሱ ነው። አባትሽ በገመድ ሊያስሩኝ ነበር፤ አንቺ በአባቴ አሰርሽኝ። ያውም በሰው ፊት፣ አቶ ፈዬራ የተቀመጡት በእኔ መሬት ላይ ነው እያልሽ። አባትሽ ከተናገሩት በምን ይለያል?»

ሮማነወርቅ ቆማ ቀረች። መሬቱን አንድ ቀን እንኳ ሄዳ አይታው አታውቅም። ለእሷ በሣጥን ውስጥ ያለ ወረቀት ነበር፤ በየዓመቱ ከግማሽ በላይ የሆነ እህል በጆንያ ይመጣል፣ ይሸጣል፣ መጽሐፍና ጫማ ይሆናል። ዳገቱን የወጣችበት ጫማም ከዚያው ነው። አላውቅም ነበር ልትል ትችል ነበር፤ ግን ታውቅ ነበር። አላሰበችበትም እንጂ።

«አልተለየም» አለች በመጨረሻ። «አባትህ ሲናቁ አይቼ ተናደድኩ፤ ያንኑ ንቀት አንስቼ ማሸነፊያ አደረግሁት። ስህተት ነው።»

ቱሉ አሁን አያት።

«ግን ስማኝ» አለች። «ይቅርታ ልጠይቅህ ብዬ ብቻ አይደለም የመጣሁት። አሁንም ልትታሰር ብትል ደግሜ እቆማለሁ። ሌላ የምቆምበት ነገር ከሌለኝ በዚሁ እቆማለሁ። ከዚያ ደግመህ ትቆጣኛለህ።»

«አንቺ ደግሞ ይቅርታ ስትጠይቂም ትጣያለሽ።»

«አንተስ? ወረቀቶቼን ምን አድርጌህ ነው የመለስክልኝ?»

«ምን?»

«አርባ ሁለቱንም! አንድ ቃል ሳትጽፍ!»

«ጋራዡን ሊፈትሹ ነው ብለውኝ ነው!» አለ ቱሉ ብድግ ብሎ። «ጽሕፈትሽን ቢያገኙት ምን ይሉሽ ነበር? ላቃጥላቸው ፈልጌ እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ላክኋቸው።»

«ታዲያ እንዲህ ብለህ መጻፍ ያቅትሃል?»

«በዘሀራ እጅ? ዘሀራ ማንበብ ትችላለች።»

«ሁሉንም አንብባቸዋለች ማለት ነው?»

«ሁሉንም። ባለፈው ሳምንት ፓምፑ ተስተካከለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።»

ሮማነወርቅ ሳትፈልግ ሳቀች። እሱም ሳቀ፤ ከዚያ ሁለቱም እንደተጣሉ ትዝ ብሏቸው ተዉት። ቁጣው ግን እንደ ቅድሙ ሊመለስ አልቻለም።

«ሞተሩ ግሎ ነበር?» አለች፣ ድንጋዩ ላይ እየተቀመጠች። ይኼኛውን ቋንቋ ሁለቱም ይችሉታል።

«የፊታውራሪን ሾፌር ጠይቄው ነበር። የሙቀት መለኪያው መርፌ ከመሃል አልተነሳም አለኝ። ማርሚታው ግን ቀልቶ ነበር።» ማርሚታ የሚለው የጭስ ማውጫውን ነው።

«ገጽ አሥራ ዘጠኝ» አለች። «ፓምፑ ውሃ ከሐይቁ ይስባል፤ ውሃው በሞተሩ ዙሪያ ይዞራል፤ መጨረሻ ላይ ማርሚታው ውስጥ ይረጭና ከጭሱ ጋር ይወጣል። ከማርሚታው በኋላ ያለው ቱቦ ጎማ ነው፤ የሚድነው በውሃው ብቻ ነው።»

«ፓምፑ ሞቶ ቢሆን ሞተሩም ይግል ነበር።»

«የውሃው መግቢያ በሣር ተደፍኖ ቢሆንም እንደዚያው።»

«ስለዚህ ውሃው ሞተሩ ድረስ ደርሷል።»

«ከዚያ በኋላ ጠፋ» አለች ሮማነወርቅ። «ከሞተሩ እስከ ማርሚታው ያለው አንድ ክንድ አይሞላም። እዚያ መሃል ነው።»

«ያለፈው ረቡዕ ስፈትሸው ውሃው በደንብ ይተፋ ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ሐሙስስ?»

«ሐሙስ ለአጨዳ ካራ ነበርኩ። አባቴ ብቻውን ነው።»

«ሐሙስ ማን ነካው?»

ቱሉ ቁልቁል የጋራዡን ቆርቆሮ እያየ ነበር፤ ፊቱ ላይ የመጣው ነገር ከእስር ፍርሃት የከበደ መሆኑን አየችና፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥያቄዋን ሳትደግም ተወችው።

* * *

ረቡዕ ጠዋት ጀልባው ውስጥ ገብተው የሞተሩን ክዳን አነሱ። ፍለጋው ብዙ አልፈጀም። ውሃው ወደ ማርሚታው የሚገባበት ቀዳዳ በቡሎን ተደፍኗል። ውሃው በሌላ መንገድ፣ በቀጭን የመዳብ ቱቦ፣ በጀልባው ጎን በቀጥታ ወደ ውጭ እንዲፈስ ተደርጓል። ማርሚታው ደረቅ ነበር።

ቱሉ ጣቱን በመዳቡ መታጠፊያ ላይ አሳለፈ። አንድ መጨማደድ የለውም።

«በዚህ ከተማ መዳብ እንዲህ የሚያጥፍ አንድ ሰው ነው ያለው» አለ።

«ገብረማርያም» አሉ ጋሽ ገብረማርያም፣ ከኋላቸው። ተጎታቹ አጠገብ ቆመው ነበር። ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል። «እኔ ነኝ የዘጋሁት።»

«ለምን ጋሼ?» አለ ቱሉ።

«ሐሙስ ፊታውራሪ መጡ። አስነሣና አሳየኝ አሉ። አስነሣሁት። ውሃው ተፋባቸው፤ ሱሪያቸውን፣ ጫማቸውን። ይሄ እንግዳዬ ላይ ሊተፋ ነው ወይ፣ አጥፋልኝ አሉ።» ሽማግሌው ወደ ማርሚታው አመለከቱ። «እኔም ዓይኔን አላመንኩም። ልጄ፣ ሃያ ስድስት ዓመት መኪና ሠርቻለሁ። ከጭስ ማውጫ ውሃ ወጣ ማለት የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታው፣ ተሰነጠቀ ማለት ነው፤ ሞተሩ አለቀለት ማለት ነው። አንተ ረስተህ የተውከው ጉድ መሰለኝ። ስምህን ላድን ብዬ ዘጋሁት። ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ውሃ ላይ የሚሄድ ሞተር እንዴት እንደሚኖር ምን አውቄ!»

«ገጽ አሥራ ዘጠኝ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነበር» አለች ሮማነወርቅ፤ ሳትጨርሰው ተጸጸተች። ጋሽ ገብረማርያም ማንበብ እንደማይችሉ የዚያን ሰዓት ገባት።

«ትናንት ለምን አልተናገሩም?» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ያዘዙኝ እሳቸው፣ የሚከሱት እሳቸው። ምን ብዬ ልናገር? እርስዎ ነዎት ልበላቸው?»

ሮማነወርቅ ወዲያው ወደ ፖሊስ ጣቢያ ልትሄድ ከጀልባው ወረደች። ቱሉ ያዛት፤ እጇን ሳይሆን የቦርሳዋን ማንጠልጠያ።

«ጋሼን አልከስም» አለ።

«አባባ ሲከሱህ ግን እሳቸው ጨርቅ ይዘው ቆመው ነበር!»

«አውቃለሁ። እኔም አይቻለሁ። ቢሆንም እጄን ይዘው ቁልፍ ያስጨበጡኝ እሳቸው ናቸው። አልከስም።»

«ዓርብ ምን ልትል ነው?»

«ምንም አልልም። እንደዘጉት አድርገን እናስነሣዋለን፤ ከዚያ ከፍተን እናስነሣዋለን። ሰው ቆሞ ይይ።»

ሮማነወርቅ ልትከራከር አፏን ከፈተች። ከዚያ አሰበችበት። አንዱን ነገር ብቻ ለውጦ ልዩነቱን ማየት፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሦስት ዓመት ያስተማሯት ይህንኑ ነው። ይህ ሰው ማንም ሳያስተምረው ደርሶበታል። ለዚህ ነው የወደድኩት፣ አለች በልቧ፤ ቃሉ እንዲህ በቀላሉ መምጣቱ አስደነገጣት።

* * *

ዓርብ ጠዋት ከማክሰኞው የበለጠ ሰው መጣ። ሁለት በርሜል ውሃ ተሞልቶ ከጀልባው አጠገብ ቆሟል፤ የፓምፑ መሳቢያ ቱቦ አንደኛው በርሜል ውስጥ ገብቷል። በተቃጠለው ጎማ ፋንታ አዲስ ጎማ ገብቷል። ፊታውራሪ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ከፊት ቆሙ። አቶ ፈዬራ ዛሬም አጥሩ ሥር ናቸው።

«ኮቱ» አሉት ልጃቸውን በኦሮምኛ፤ ቱሉ ሄደ። በጆሮው የሆነ ነገር ነገሩት፤ ራሱን በእሺታ ነቅንቆ ተመለሰ።

«አሁን የማሳያችሁ እሑድ ዕለት የነበረውን ነው» አለ ቱሉ፣ ለሁሉም። «ከጎማው በቀር ምንም አልነካሁም።»

ሞተሩ ተነሣ። ውሃው በመዳቡ ቱቦ በጎን ይፈሳል፤ ከኋላ የሚወጣው ደረቅ ጭስ ነው። ሮማነወርቅ ሰዓቷን ያዘች። በአራተኛው ደቂቃ የጎማ ሽታ መጣ። በአምስተኛው አንድ ጣሳ ውሃ ወስዳ ማርሚታው ላይ ደፋች። ውሃው ጮሆ ወደ እንፋሎት ተለወጠ፤ ከፊት የነበሩት ወደ ኋላ ሸሹ። ቱሉ አጠፋው።

«ሃምሳ አለቃ፣ የሙቀቱን መርፌ ይዩልኝ።»

ሃምሳ አለቃ ከበበ ጎንበስ ብለው አዩ። «መሃል ላይ ነው።»

«ሞተሩ ደህና፣ ማርሚታው እሳት። ይጻፉት።»

ማርሚታው እስኪበርድ ጠበቁ። ሰዉም ጠበቀ፤ ማንም አልሄደም። ከዚያ ቱሉ የመዳቡን ቱቦ ፈታ፣ ቡሎኑን አወጣ፣ የውሃውን መስመር ወደ ቦታው መለሰ። ደግሞ አስነሣው።

በመጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ ሞተሩ እንደሚስል ሰው ጉሮሮውን ጠረገና ውሃውን ከጭሱ ጋር ተፋው። ግቢውን አቋርጦ የሃምሳ አለቃን ደብተርና የፊታውራሪን ካባ ጫፍ አራሰ። ሰው ጮኸ፣ ሳቀ፣ ሸሸ። ፊታውራሪ ግን ካሉበት አልተንቀሳቀሱም።

አምስት ደቂቃ ሲሞላ ቱሉ መዳፉን ማርሚታው ላይ አሳረፈ። እጁን አላነሳም። ሞተሩ ይሠራል፣ ውሃው ይተፋል፣ እጁ እዚያው ነው። ሮማነወርቅ ወደ ጀልባው ወጣች። አላመነታችም፤ መዳፏን ከእሱ መዳፍ ጎን አደረገች። ብረቱ ለብ ብሏል። የትንሽ ጣቷ ጫፍ የእሱን ነካ፤ በአባቷ ፊት፣ በአባቱ ፊት፣ በየካ ፊት። ሁለቱም አላነሱም።

ሞተሩ ሲጠፋ ሃምሳ አለቃ «ቀዳዳውን ማን ዘጋው?» አሉ።

ቱሉ ዝም አለ። ጋሽ ገብረማርያም ወደ ፊት ወጡ።

«እኔ ነኝ። ስላላወቅሁ።» ከዚያ፣ ከየት እንዳመጡት ባልታወቀ ድፍረት ጨመሩ፤ «ውሃውን አጥፋ ተብዬም ነው።»

ማን አለዎት ብሎ የጠየቃቸው የለም። ሰዉ ሁሉ የራሰውን ካባ እያየ ነበር።

«በቃ» አሉ ፊታውራሪ። «ክሱን ትቼዋለሁ። ሰዉ ይበተን።»

«ጌታዬ» አለ ቱሉ።

ለመሄድ የዞሩት ፊታውራሪ ቆሙ።

«ሆን ብሎ አቃጠለ ያሉኝ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ነው። አላቃጠለም የሚለውንም በእነሱ ፊት ይበሉልኝ።»

«አንተ እኔን ልታናግረኝ?»

«አዎ ጌታዬ።»

«እኔም እየጠበቅሁ ነው አባባ» አለች ሮማነወርቅ። ከቱሉ ፊት አልቆመችም፣ ከኋላውም አልቆመችም። ጎኑ ናት።

ፊታውራሪ ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ ደብተሩን። «ጻፍ ሃምሳ አለቃ» አሉ። «አላቃጠለም።» ቱሉን አላዩትም። ግን ሁሉም ሰምቷል፣ ተጽፏልም።

«አንቺ ነይ፣ መኪና ውስጥ ግቢ።»

«አልገባም አባባ። አንድ የቀረ ነገር አለ። ቱሉ ሽማግሌ ይልክብዎታል።»

ቱሉ ዞሮ አያት። «እልካለሁ ብያለሁ እንዴ?»

«አላልክም። አትልክም?»

አንዲት ሴት ከኋላ «ኧረ ላክ!» ብላ ጮኸች፤ ዘሀራ ነበረች።

«እልካለሁ» አለ ቱሉ። «ግን አስቀድመን ስለ መሬቱ እንነጋገራለን።»

«እንነጋገራለን።»

«አባቴ ባለበት።»

«አባትህ ባሉበት» አለች ሮማነወርቅ፤ «እሳቸው የሚሉትን ከሰማን በኋላ።»

ፊታውራሪ እስካሁን የሰሙትን ሁሉ ችለውት ነበር። ለጭሰኛ «እሳቸው» ሲባል ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«የምትልኳቸውን ሽማግሌዎች ቤቴ አላስገባም።»

«በሩ ላይ ይቆማሉ። እኔም አብሬያቸው እቆማለሁ።»

«ልጅቱ ለራሷ ሽማግሌ ሆና?»

«ሌላ ሰው እስኪደፍር ድረስ።»

ፊታውራሪ መኪናቸው ውስጥ ገቡ። መኪናቸው ግቢውን ለቆ ወጣ፤ ድምፁም በኮተቤ መንገድ ራቀ።

ሮማነወርቅ የጀልባውን ጠርዝ ያዘች።

«ተቀመጪ» አለ ቱሉ ቀስ ብሎ።

«አልቀመጥም።»

«እየተንቀጠቀጥሽ እኮ ነው።»

«ታውቆኛል። ቆሜ ልንቀጥቀጥ።»

ዛሬ የት እንደምታድር አታውቅም፤ የቤቷ በር ለእሷም ይዘጋ ይሆናል። ማክሰኞ የት እንደነበረ ያላወቀችው ፍርሃት አሁን ተጠራቅሞ መጣ። በዚያው ፍርሃት ውስጥ ሆና ዛሬ የተናገረችውን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምራ በልቧ ደገመችው፤ መልሳ ልትውጠው የምትፈልገው ቃል ካለ ብላ። እስከ መጨረሻው ሄደች። አንድም አላገኘችም።